አጓት በኪሎ

ብረት መግፋት የጀመርኩት በሁዳዴ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ በዚያ ወራት ከረፋድ በኋላ ሰው ብረት አይነካም፤ ፀሐይ ያገኘው ብረትም ሰው አያስነካም። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምንሰባሰበው፤ ክብደታችን ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ነው። አሠልጣኛችን ከእኔ ሁለት ወር ቀድሞ የጀመረ ጎረምሳ ሲሆን አንድ ሕግ አለው፦ «ብረቱን ካስቀመጥክ በ30 ደቂቃ ውስጥ ፕሮቲን ካልገባ መስኮቱ ይዘጋል፤ ልፋትህ ገደል ገባ።»

ቤቴ 10 ደቂቃ ይርቃል፤ ሰው ከሌለ ነው እንግዲህ። መታጠፊያው ላይ የጎረቤታችንን ሽማግሌ አገኘኋቸው።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ።»

«አክስትህስ ጉልበቷን ተሻላት?»

«ተሽሏታል።»

«ላሟ ወለደች?»

«ወልዳለች።»

«ወይፈን ነው ጊደር?»

ጥጃዋ ዘንድ ስንደርስ 17 ደቂቃ ሄዷል። ሽማግሌ ፊት ሰዓት ማየት ደግሞ ነውር ነው። ተሰናብቼ ጥቂት እንደተራመድኩ አንድ ወዳጄ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ያዘኝ። መስኮቱ እዚያው እጁን እንደጨበጥኩ ተዘጋ።

ቤት ስደርስ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን የፕሮቲን ዱቄት በውኃ መበጥበጥ ያዝኩ። ዱቄት ስለሆነ የጾም ነው ብዬ ነበር።

«ከምንድን ነው የተፈጨው?» አለች አክስቴ።

ጽሑፉን አየሁት። ወተት ለአይብ ሲረጋ የሚቀረው ውኃ ደርቆ ነው።

«አጓት!» አለች። «ለጥጃው የምሰጠውን በኪሎ ገዛህ? ለዚያውም በሁዳዴ!»

በሦስተኛው ቀን ጭኔ አልታዘዝ አለኝና የበረንዳውን ደረጃ በኋላዬ ወረድኩ። አክስቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። ያልለመደ ጡንቻ ሲጫኑት ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚበረታ፣ ፕሮቲንም ቢሆን ያን ያህል እንደማያስታግሰው ያነበብኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ዳማከሴውን ጠጣሁ።

ስለ መስኮቱም ያነበብኩት በኋላ ነው። ጡንቻ ከብረት በኋላ ራሱን ሲጠግን ቀኑን ውሎ ያድራል እንጂ በግማሽ ሰዓት በሩን አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን የወጣ፣ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ዋናው የቀኑ የፕሮቲን ድምር ነው ይላል፤ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ከደረሰ በኋላ መጨመሩ ለጡንቻ እምብዛም አይፈይድም። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ 112 ግራም መሆኑ ነው።

«ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል?» ስላት አክስቴ ወደ ጓዳ ገብታ ማሾ ይዛ ወጣች። የእኛው የይፋት ቆላ ጥራጥሬ! 100 ግራም ደረቅ ማሾ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ገበሬያችን ያመርታል፣ ነጋዴው ወደ ውጭ ይልካል፣ እኔ ደግሞ የፈረንጅ አጓት አስመጣለሁ። ማሽላ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ማሾ ሞልቶታል። ማሾ የሚጎድለውን ሌላውን ክፍል፣ ሜታዮኒንን ደግሞ ማሽላው ይደግፈዋል። የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ የበላ የይፋት ሰው ስማቸውን ሳይጠራ ሁለቱን ሲያሟላ ኖሯል።

ብቻ 112 ግራሙን ከማሾ ብቻ ላምጣ ካልኩ በቀን ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ነው። ስነግራት «አንተ ልጅ፣ በሬ ነህ?» አለችኝ። የቀረውን ሽሮው፣ ምስሩና እንጀራው ይሙሉት ብለን ተስማማን።

በሸዋ ሮቢት የምታልፉ ሰዎች፣ ሽንኩርት ብቻ ጭናችሁ አትሂዱ፤ ማሾም ግዙ። ጠዋት መንገድ ላይ ካገኛችሁኝም ሰላምታውን አታሳጥሩብኝ፤ ጊዜ አለኝ።