የቦርሳ ቆጠራ ልቦለዶችን አደብ ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

“ጥርስ አያስከድንም” ተብሎ የተሸጠልንን፣ ስለ እንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾች ሚስቶች የተጻፈ አንድ ልቦለድ ጥርሳችንን እንደከደንን የጨረስነው በመሆኑ፤

በመጽሐፉ ውስጥ እያንዳንዱ ቦርሳ በስሙ፣ በቀለሙና በዋጋው ሲተዋወቅ ለባለቤቲቱ ግን ከሞኝነት በቀር የተሰጣት ነገር ባለመኖሩ፤

ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍጎ የእንግሊዝን ኳስ የሚከታተል ሕዝብም በዚህ ጉዳይ መሸወድ ስለማይገባው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ
“ዋግ” ማለት የእንግሊዝ ጋዜጦች ለተጫዋቾች ሚስቶችና ፍቅረኞች ያስለመዱት ምሕጻረ ቃል ነው። ከዋግ ሹም ጋር ዝምድና የለውም፤ የስንዴውን በሽታም አይመለከትም። መጽሐፉን የመታው ግን የስንዴው ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ማስረጃ
ደራሲው ቀልድ አጣሁ እንዳይል፦ በ2006 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ሚስቶቹ ባደን ባደን በምትባል የፍል ውሃ ከተማ፣ ብሬነርስ ፓርክ ሆቴል አርፈው፣ ፎቶ አንሺ እየተግተለተለ ሲከተላቸው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። የእንግሊዝ ቡድን በሩብ ፍጻሜ በፖርቱጋል ተሸኘ። ቀይ ካርድ ያየው ዋይኒ ሩኒ፣ መለያ ምት የሳቱት ላምፓርድ፣ ጄራርድና ካራገር፤ ጣት የተቀሰረው ግን ወደ ሴቶቹ የገበያ ፌስታል ነበር! ይህ ያላሣቀው ደራሲ ምን ያሥቀው?

በዚህም አላበቃም። የሩኒ ሚስት ኮሊን የጓዳ ወሬዋን ለጋዜጣ የሚያሾልክባትን ለመያዝ የኢንስታግራም ስቶሪዋን ከአንድ አካውንት በቀር በሁሉም ላይ ዘጋች፤ ከዚያ “ምድር ቤቴን ውሃ ገባው” ዓይነት የፈጠራ ወሬ ለጠፈች። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ስታሳውቅ ስሙን ዝም ብላ አልጠራችም፤ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ እያደረገች ሰልፍ ካስያዘች በኋላ ነው የሌላ ተጫዋች ሚስት የሆነችውን የርብቃ ቫርዲን አካውንት ያጋለጠችው። እነዚያን ነጥቦች ልብ በሉ! ደራሲው በሙሉ መጽሐፉ የእነሱን ያህል አንባቢ ማስጠበቅ አልቻለም። ቫርዲ “አላደረግሁትም” ብላ በስም ማጥፋት ከሰሰች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ተረታች። በክርክሩ የተፈለገው የወኪሏ ስልክም “ሰሜን ባሕር ገባ” ተባለ። (ልቦለዱ ውስጥ ባሕር የገባው ተስፋችን ብቻ ነው።)

አንቀጽ 3፦ ክልከላ
የቦርሳ ዋጋ ጠርቶ ሣቅ መጠበቅ ክልክል ነው። ሚስት ሞኝ ከተደረገች ባልም የድርሻውን ይወስዳል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ለሳተ ባል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይመደብለታል።

አንቀጽ 4፦ ቅጣት
ይህን የተላለፈ ደራሲ የ2022ቱን ፍርድ ከዳር እስከ ዳር በእጁ ይገለብጣል። መሐል ላይ ከሣቀ ምሕረት ይደረግለታል።

ይህ አዋጅ መጽሐፉ ከእጃችን አምልጦ አፍንጫችንን ከመታበት ሌሊት ጀምሮ የጸና ይሆናል።