የዋንዛው ቀፎ ሞግዚቶች

በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከአንድ ዋንዛ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበረ። አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ በእጮቹ ላይ በሽታ ወደቀ። በየክፍላቸው ሻገቱ፤ ደርቀውም እንደ ጠመኔ ነጡ።

የታመሙትን ማውጣት የሞግዚቶቹ ሥራ ነበር። ሞግዚት ወጣት ንብ ናት፤ 3 ሳምንት ገደማ እስኪሞላት ቀፎ ውስጥ ሆና እጭ ታጎርሳለች፣ ታሞቃለች፤ አበባ ልትቀስም የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ክረምት ግን ከቀሳሚዎቹ ብዙዎቹ ዝናብ መትቷቸው ሜዳ ቀሩ። በእነሱ ቦታ ሞግዚቶች ያለ ዕድሜያቸው ተላኩ፤ ያለ ዕድሜዋ የወጣች ንብ ደግሞ ፈጥና ትሞታለች። ቀፎ ውስጥ የቀሩት እያንዳንዳቸው የሦስት ንብ ሥራ ወደቀባቸው። ሌሊቱን ሲያጎርሱ ያድራሉ፤ ሲነጋ የሞቱትን እየጎተቱ በበሩ ይጥላሉ። ትናንት ያጎረሱትን ዛሬ ሬሳውን መጎተት ምን ያህል እንደሚከብድ የሠራችው ብቻ ታውቀዋለች። "በሽታ ታዛምታላችሁ" ተብለውም ከማሩ እንጀራ እንዳይጠጉ ተከልክለው ነበር።

የቀፎው አዛዥ ክፉ አልነበረችም። ድካማቸውን አይታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀፎው ሁሉ ክንፉን እያርገበገበ እንዲያመሰግናቸው አዘዘች። የመጀመሪያውን ምሽት ሞግዚቶቹ ደስ አላቸው። ሰንበት ሲል ግን አንዷ የምስጋናው ሰዓት ሲደርስ እግሮቿን ከእንጀራው ላይ ታነሣ ጀመር። ንብ የእንጀራውን ንዝረት በእግሯ ትሰማለችና፣ ላለመስማት ነበር። እኛም በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ ነርሶቻችንን ጀግና ብለናቸዋል፤ ከሌሊት ተራ ሲመለሱ የት አረፉ፣ ምን ቀመሱ ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

አዛዧ እግሮቿን የምታነሣዋን ሞግዚት አስጠራቻት።

"ምነው ልጄ፣ ሥራሽን ጠላሽው እንዴ?"

"ኧረ እሜቴ፣ ሥራዬንስ እወደዋለሁ። ያጎረስኩት እጭ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ከማየት የሚበልጥብኝ የለም። ያንገፈገፈኝ ሌላ ነው። ሬሳ አውጥቼ ስመለስ የሚያመሰግነኝ አለ፤ የሚተካኝ የለም። ደግሞም ርቦኛል።"

"ማሩ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው።"

"ከዚህ የከፋ ቀን መቼ ሊመጣ ነው?"

እውነቷን ነበር። እጭ 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሲበርደው ሻጋታው ይበረታበታል። ንብ ሙቀት የምታወጣው የደረቷን ጡንቻ እያንቀጠቀጠች ነው፤ ለዚያም ማር መብላት አለባት።

"ዛሬ ጠዋት ያወጣኋቸውን የገደላቸው በሽታው ብቻ አይደለም" አለች ሞግዚቷ። "ሌሊት ላሞቃቸው አቅም አጣሁ።"

በሩ አጠገብ ከተቀመጡት አንዲት ክንፏ የተቀዳደደ አሮጊት ቀሳሚ ተነሣች። "እሜቴ፣ እኛ ዝናብ ሸሽተን እዚህ እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል። እኔም በልጅነቴ እጭ አሳድጌያለሁ፤ አልረሳሁትም። ልተካት።"

አዛዧ ወዲያው እሺ አላለችም። ሁለት ቀን ሙሉ ማሩን ስትቆጥር ቆየች፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ብዙ እጭ አለቀ፤ ይህን መሸፈን ለእሷ ማዳላት ይሆናል። በሦስተኛው ቀን አንዱ የማር እንጀራ ተከፈተ። አሮጊቶቹ ወደ እጮቹ ገቡ። ሬሳ ያወጣች በዚያ ቀን እንዳታጎርስ ተባለ፤ ሌሊቱም በተራ ተከፈለ።

በሽታው በአንድ ጀምበር አልለቀቀም። ሙቀቱ ሲመለስ ግን የሚሻግቱት እያነሱ ሄዱ፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ ከበሩ ሥር የሚጣል ሬሳ ጥቂት ነበር። ሦስት ሞግዚቶች ወደ እጮቹ አንመለስም አሉ፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

አዛዧ ያችን ሞግዚት እንደገና አስጠርታ፣ "ለመስቀል ቀፎው ሁሉ ላንቺ እንዲያርገበግብልሽ ልዘዝ?" አለቻት።

"እሱስ ይቆይ እሜቴ። የዛሬ ሌሊት ተረኛ ማን ናት?"

"አሮጊቷ ናት። አንቺ እስከ ነገ ማታ ትተኛለሽ።"