የሰው ድመት

የሰው ገንዘብ አይነካም፣ የሰው ሚስት አትታይም፣ የሰው ልጅ ወላጁ ቆሞ አይመታም። ይኼን ሁሉ አባቴ አስተምሮኛል። ስለ ሰው ድመት ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ አረፈ። የጎደለውን ትምህርት ባለፈው ዐቢይ ጾም በራሴ ጣት ተማርኩት።

ሰፈራችን ሀና ማርያም ነው። ከጎረቤታችን ከእማማ ጋር የሚለየን አንድ የብሎኬት አጥር ብቻ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ አንደኛ ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ስለሚላቸው፣ ሁለተኛ የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ ስላላቸው። ድመቷ የእሳቸው ናት። የምትውለው ግን አጥሩ ላይ ነው፤ ግራጫ፣ ጅራቷ ቀለበት ቀለበት ያለበት፣ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ። የጎድን አጥንቶቿን ከሳሎኔ መስኮት ሆኖ መቁጠር ይቻላል። ሥራዬ ሒሳብ ነውና ቆጥሬያቸዋለሁ። ስም የላትም። እማማ ሲፈልጓት «ውሮ»፣ ሳይፈልጓት «ውጪ!» ይሏታል፤ እሷም ሁለቱንም እኩል አትሰማም።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ለትንሿ ልጄ ወተት ስቀዳ አጥሩ ላይ ተቀምጣ አየችኝ። አየችኝ ስል፣ ያበደርከው ሰው ክትፎ ቤት ተቀምጦ ስታገኘው የምታይበትን አተያይ ማለቴ ነው። ቤታችን ውስጥ ከዚያች ወተት በቀር ፍስክ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ሲኒ ሞልቼ አጥሩ ላይ አኖርኩላት። ጠጥታ ሲኒውን ላሰችና ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ ድምፅ አሰማችኝ። ከልጄ ሌላ በእኔ የተደሰተ ፍጡር ካየሁ ቆይቼ ነበርና በማግስቱም ቀዳሁ። በማግስቱ ማግስትም።

በአራተኛው ቀን ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ። እማማ ለፋሲካ ጠላ የሚሆን ብቅላቸውን ሸራ ላይ አስጥተው ነበር። ድመቷ ሆዷ ተበላሽቶ፣ ያን የሚያህል ግቢ እያለላት… ዝርዝሩ ይቅር፤ ብቅሉ ተደፋ። «ምን በልታ ነው? እኔ ቤት እንዲህ የሚያደርግ ምግብ የለም!» ይላሉ እማማ ወደ ሰማይ እያዩ። እኔ ሲኒውን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቀ አብሮ አደግ አለኝ። ከብት ነው የሚያክመው። ደወልኩለትና ነገርኩት፤ ስቆ ሲጨርስ «ወተት ለግልገል ነው» አለኝ። አብዛኛዋ ድመት ካደገች በኋላ የወተቱን ስኳር ሆዷ መፍጨት ያቅተዋል፤ ያስቀምጣታል።

«ለመሆኑ እቤቷ ምን ትበላለች?»

«የሽሮ ፍትፍት።»

ዝም አለ። ሐኪም ዝም ሲል ደግ አይደለም። ቀጥሎ የነገረኝን ሳሳጥረው እንዲህ ነው፤ ድመት የተፈጠረችው ለሥጋ ብቻ ነው። ታውሪን የሚባል ነገር አለ፤ የሰው ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፣ የድመት ግን የሚበቃትን ያህል አይሠራም፣ ከሥጋ ታገኘዋለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 የታተመ ጥናት፣ ታውሪን ያጣች ድመት የዓይኗ ብርሃን ተቀባይ እንደሚሞት አሳይቷል። «ባጭሩ» አለኝ ወዳጄ፣ «ሰው ሲጾም ይጸድቃል፣ ድመት ስትጾም ትታወራለች።»

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያን ሌሊት ሒሳቡን ስሠራ አደርኩ።

እንግዲህ ሥጋ መግዛት አለብኝ፤ ያውም በጾም። መስቀል የተለጠፈባቸው ሥጋ ቤቶች መጋረጃቸውን ጥለው ተዘግተዋል። ክፍት የነበረው ጨረቃና ኮከብ ያለበት ነው። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ገባሁ። ባለቤቱ ቢላዋውን እየሳለ ቀና ብሎ አየኝና «ምን ልስጥህ?» አለኝ።

«ለድመት ነው» አልኩ፣ ሳልጠየቅ።

«በዚህ ወር ሁሉም ለድመት ነው የሚለው» አለኝ ምንም ሳይስቅ። «አንዱ ትናንት ለድመቱ ሁለት ኪሎ ሽንጥ ወሰደ።»

ሳንባ ስለው ነው ያመነኝ። ቆርጦ በላስቲክ እያሰረ፣ የሰው ድመት መሆኗን ነገርኩት። እሱም በነቢዩ ሐዲስ የምትነሳውን ሴትዮ አወራኝ፤ ድመት ዘግታባት፣ ራሷ አላበላቻት፣ ወጥታ የምድር ተንቀሳቃሽ ለቅማ እንድትበላ አልፈታቻት፣ በዚያ ምክንያት ገሃነም ገባች። «አየህ፣ አላበላችም ብቻ አይደለም ጥፋቷ። ዘጋችባት።» ገንዘቡንም አልወስድ አለ። ከሱቁ ስወጣ ላስቲኩን እንደ ቅዱስ ነገር በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ከመንገዱ ማዶ የማኅበራችን ሰው ቆሞ አየኝ።

ሰፈራችን ያለበት ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በነፋስ ይሠራ ከነበረው የጥንቱ መገናኛ ነው ይባላል። ጣቢያው ዛሬ ያለ አይምሰላችሁ፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። እኔ ከሥጋ ቤቱ ቤቴ እስክደርስ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

«ለድመት ነው አሉ» አለችኝ ባለቤቴ።

«ለድመት ነው።»

«እኔም እንደዚያ አልኳቸው» አለች። እንዳላመነችኝ ያወቅኩት ከንፈሬን ቀረብ ብላ ስታሸት ነው።

ሁለት ሳምንት ተኩል ሳንባ ተበላ። የጎድን አጥንት ቆጠራው ከአሥራ አንድ ወደ አራት ወረደ። ድመቷ አጥሩን ትታ የኛን በረንዳ ያዘች። እኔም በልቤ ሰማዕት ቢጤ ሆንኩ፤ ማታ ማታ ጆሮዋን እያከክሁ «ባለቤት ተብዬዋ» እያልኩ እማማን እኮንናለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማማ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። በምን ላይ ቆመው እንደሆነ እንጃ።

«አንተ ልጅ፣ ድመቴን ምን እያበላሃት ነው?»

«ሳንባ ነው፣ እማማ።»

«የየት ሳንባ? በሁዳዴ?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ በቂ ነበር።

«ውሮ የክርስቲያን ቤት ድመት ናት» አሉ። ቀጥለው ግን ይኼን እንደ ቀላል ጥፋት አልፈውት ወደ ዋናው ገቡ። «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም። ደሞዝህን እቤትህ ቢያመጡልህ አንተ ቢሮ ትሄዳለህ?»

እውነቱን ለመናገር አልሄድም። የከብት ሐኪሙ ወዳጄ በኋላ ሲነግረኝ ግን ድመት ለማደን መራብ የለባትም፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ረሃብና አደን ለየብቻ ናቸው፤ እየበላች ሳለ አይጥ ብታልፍ ምግቧን ጥላ ትነሳለች። ደግሞስ ማን ቀጠራት? ቆጵሮስ ውስጥ ሰውና ድመት ጎን ለጎን የተቀበሩበት መቃብር ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 9,500 ዓመት ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት የዱር ድመት ወደ ሰው የቀረበችው ጎተራው አይጥ ስለሰበሰበ ነው፤ በራሷ እግር መጣች፣ ውል አልፈረመችም። ይኼን ሁሉ ለእማማ ለማስረዳት አልበቃሁም፤ ምክንያቱም የእሳቸው ማስረጃ ከኔ ይበልጥ ነበር። ድመቷ እኔ በረንዳ ላይ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ስትውል፣ አይጦቹ የእማማን የጤፍ ማዳበሪያ ቀደው ገብተዋል።

ማክሰኞ፣ ሆሳዕና አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሞንታርቦ የያዘው ልጅ በሰፈራችን አለፈ። «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት!» መርዝን መድኃኒት ብለን የምንጠራው ለማን አዝነን እንደሆነ አይገባኝም። የእማማ በር ሲከፈት ሰማሁ። ማምሻውን በአጥሩ አሻግሬ ሳይ፣ ማድ ቤታቸው ደፍ ላይ በቆርቆሮ ክዳን የተቀመጠ ነገር አለ። መርዝ የበላች አይጥ ትዳከማለች፤ የተዳከመችን አይጥ ደግሞ ሰነፍ ድመትም ትይዛታለች። ሰነፍ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው በር አንኳክቶ ያነጋግር ነበር። እኔ የጤፍ ማዳበሪያ ይዤ በጨለማ ወጣሁ። ሐሳቤ ድመቷን ይዤ መርዙ እስኪነሳ እኛ ዕቃ ቤት መዝጋት ነበር። ሳንባ የለመደች እጅ ላይ ትመጣለች፤ መጣች። ግማሽ አካሏ ማዳበሪያው ውስጥ ሲገባ ነገሩ ገባት። አውራ ጣቴ ሥር አራት ቀዳዳ አበጅታ፣ ማዳበሪያውን አንገቷ ላይ እንደ ካባ ደርባ በአጥሩ ዘለለች።

ባለቤቴ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ እንዳለብኝ ታውቃለች። ውኃችን በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ የኛ አልነበረም። ጀሪካን አዘንብላ እያፈሰሰች፣ ከግድግዳው ሰዓት ዓይኗን ሳትነቅል፣ አንድም ቃል ሳትናገር አሥራ አምስቱን ደቂቃ ሞላች። እንደዚያ ረጅም ሩብ ሰዓት በትዳራችን አልነበረም።

ጤና ጣቢያ የተቀበለኝ ባለሙያ ወጣት ነው።

«ድመቷ የማን ናት?»

«የጎረቤት።»

«ባለቤቷ ታውቃለች?»

«ባለቤቴ ታውቃለች።»

«የድመቷ ባለቤት ማለቴ ነው።»

«እሳቸው አያውቁም።»

«ምን ስታደርጋት ነከሰችህ?»

«በማዳበሪያ ስከታት።»

ካርዱ ላይ ምን እንደጻፈ ለማየት አንገቴን ባሰግግም አልሆነልኝም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ውሻን ይጥራ እንጂ ድመትንም እንደሚይዝ፣ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መትረፍ የለም ማለት እንደሚቻል ነገረኝ። ክትባት አስጀመረኝ። «ድመቷ 10 ቀን ተዘግታ ትጠበቅ። ያኔ በሕይወት ካለችና ካልታመመች ቀሪውን መርፌ እናቆማለን። ከጠፋች ወይም ከሞተች ግን ቶሎ ና።» እናቴ በስልክ ስትሰማ «ሆድህ ላይ ነው?» ብላ አለቀሰች። ድሮ ፓስተር ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረው ክትባት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር፤ የእሷ ትውልድ አይረሳውም። የኔ ክንዴ ላይ ነው፤ ይኼን ሳስረዳት ደግሞ «እንግዲያው አይሠራም» አለች።

እንግዲህ እማማ ጋ መሄድ የግድ ሆነ። ድመቷ አሥር ቀን መኖር አለባት፤ መርዙ ደፉ ላይ ነው። ጣቴ ተጠቅልሎ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁና ሁሉንም ከሲኒዋ ወተት ጀምሬ ተናዘዝኩ። ብቅሉ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማዳበሪያው ላይ ስደርስ ገለጡት።

«ልትሰርቃት ነበር?»

«ላድናት ነበር፣ እማማ።»

«ከማን?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ አፌ ላይ አልመጣ አለ። አንድ ወር ሙሉ በአጥር እያሻገርኩ ስቀዳ፣ ስቆርጥ፣ ስመጸውት፣ ለድመቷ የምሰጠው እያንዳንዱ ጉርሻ ለእማማ የምልከው ስድብ መሆኑን እሳቸው ቀድመው ገብቷቸዋል። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። መርዙን በዝምታ አንስተው በላስቲክ ጠቀለሉት። ድመቷንም «ውሮ» አሏት፤ መጣች፤ ማድ ቤት ዘጉባት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ መልስ መሄድ ሆነ። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ የምደርሰው ከቡናቸው ጋር ነው። ግድግዳቸው ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር ቆመዋል። ስለ ታውሪን ላነሳ ስል በአገጫቸው ወደ ሥዕሉ አመለከቱኝ። «ለእነዚያ ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር ሳንባ የሚገዛው ማን ነበር?» ወዳጄ ቢሾፍቱ ይኼን አላስተማሩትም መሰለኝ።

አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደረስኩ። እማማ የቀኑን አንድ ምግባቸውን እየበሉ ነበር። ሽሮ። ከሰሃኑ ጫፍ በጣታቸው ፈትፍተው፣ ከራሳቸው ድርሻ ትንሽ ከፍ ያለውን ከፍለው ለድመቷ በክዳን አቀረቡላት። ሌላ ምግብ በዚያ ቤት አልነበረም። ከሳሎኔ መስኮት ይኼ አይታይም።

አሥረኛው ቀን ስቅለት ላይ ዋለ። እማማ ከማለዳ ጀምሮ ስግደት ላይ ናቸው፤ በራቸው ተቆልፏል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታገሥኩ። ከዚያ ወንበር አምጥቼ አጥሩ ላይ ወጣሁ። የማድ ቤቱ መስኮት ተከፍቷል፤ ውስጡ ማንም የለም። ልቤ ቀጥ አለች፤ ከጠፋች መርፌው ይቀጥላል። አንገቴን ይበልጥ ሳሰግግ ከሮቶው ሥር ግራጫ ነገር ተነቃነቀ። ውሮ። አፏ ውስጥ የወፈረ አይጥ አለ፣ ገና የሚንፈራገጥ፣ ጤነኛ። አገር ሁሉ ጉሮሮው ደርቆ በሚሰግድበት ሰዓት እሷ ፍስክ ጀምራለች።

«አልሞተችም!» ብዬ ጮህኩ። «አልሞተችም!»

በመንገዱ ነጠላቸውን የለበሱ እናቶች ከስግደት እየተመለሱ ነበር። ሁሉም ቆሙ። ከመሃላቸው እማማ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀና አሉ፤ ፊታቸው በድካም ገርጥቷል።

«አይጥ ይዛለች?»

«ይዛለች፣ እማማ።»

«አላልኩህም?» አሉ። «ሳንባው ቀረባት።»

ስቅለት ነውና አልተከራከርኩም።