ኪስ የሌለው ደገኛ

ኪልት ኪስ የለውም። የስኮትላንድ ወንዶች የሚታጠቁት ጉርድ ነው፤ ስምንት ያርድ ሱፍ ይፈጃል፤ ወፍራም ጨርቅ ከሆነ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከኋላው ሃያ ምናምን ሽንሽን ተደርድሮበታል፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘለበት አለው። አንዲት የአውቶቡስ ካርድ የምትገባበት ቦታ ግን የለውም። ስኮቶች ለዚህ ያገኙት መላ ስፖራን ይባላል። በሰንሰለት ከወገብ ታስሮ ከፊት ለፊት፣ ስሙን ባልጠራው ደስ በሚለኝ ቦታ ላይ የሚንጠለጠል የቆዳ ቦርሳ ነው። ሒሳብ ለመክፈል እጅህን ወደዚያ ስትሰድ፣ የካፌዋ ልጅ ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ይጨንቃታል።

ይህን የማወራው ኤድንብራ ተቀምጬ ነው። እዚህ አገር የሥራ ባልደረባህ ሰርግ ጠርቶህ «ኪልት ትለብሳለህ አይደል?» ካለህ፣ ነገሩ ጥያቄ መስሎ የመጣ ትእዛዝ ነው። መከራየት ይቻላል። ባለቤቴ ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ለአንድ ቀን ልብስ ኪራይ ከፍሎ በማግስቱ መመለስ የሚባለው ነገር በዘሯ የለም። ሰልባጅ ከሚሸጥበት ሱቅ አንዱን ገዝታ መጣች። ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ብላክ ዋች የሚባለው፣ የመንግሥት ታርታንም የሚሉት፤ ታርታን የጨርቁ የመሥመር ጥልፍልፍ ነው። ይኼኛው ታርታን የአንድ ጎሳ ንብረት አይደለምና ማንም ቢለብሰው አያስጠይቅም። ይህ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ «ጎሳህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአገር ቤት ሸሽቼ መጥቼ ስኮትላንድ ውስጥ በሱፍ ተጠቅልሎ ሊጠብቀኝ ነው ብዬ ነበር።

የቀድሞው ባለቤት ማን እንደነበረ አላውቅም፤ በሁሉም አቅጣጫ የሚበልጠኝ ሰው እንደነበረ ግን ኪልቱ ይመሰክራል። ወገቡ ይሰፋኛል፤ ታቹ ቅልጥሜ ላይ ይደርሳል።

«ምንም አይደል፣ ከታች ቆርጬ አጥፈዋለሁ» አለች ባለቤቴ፤ ጨርቁን ገልብጣም እጥፋቱን ፈለገች። እጥፋት የለም። ኪልት ከታች ታጥፎ አይሰፋም። የታችኛው ጠርዝ ሸማኔው ጨርቁን ሲጨርስ የተወው የሽመናው ዳር ራሱ ነው፤ ሽንሽኑ ቀጥ ብሎ እንዲወርድና ስትራመድ እንዲወዛወዝ የሚያደርገውም እሱ ነው። ቆርጠህ ካጠፍከው እያንዳንዱ ሽንሽን ጫፉ ላይ ያብጣል። ስለዚህ ኪልት ማሳጠር ሲያስፈልግ የሚቆረጠው ከላይ ነው፤ መቀነቱ ተፈቶ፣ ገበሩ ወጥቶ፣ ዘለበቱ ሁሉ ተነቅሎ።

እዚህ ላይ አማቴ በቪዲዮ ተጠሩ። መርካቶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲንጀር ሲረግጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከተጠሩ ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ሥራው ይገባሉ።

«ስንት ሜትር ነው ያልሽኝ?»

«ሰባት ሜትር ያልፋል፣ አባዬ።»

«ለአንድ ሰው?»

«ለአንድ ሰው።»

ዝም አሉ። ሲያሰሉ ነው። «አንድ ኮት ከነሱሪው ይወጣዋል» አሉ በመጨረሻ። «ሰደርያም ይጨመራል። ለልጅቷ ደግሞ ጉርድ። ይኼን ሁሉ ጨርቅ ከኋላ ምን አስቀበረው?»

«አባዬ፣ አይቀደድም አልኩህኮ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው? ልትሳለሚው?»

ከዚያ ባለቤቴ ስልኩን ወደ ሽንሽኑ አስጠጋችው። የዚህ ልብስ ጉድ ያለው እዚህ ነው። ሽንሽኑ እንደ ተገኘ አይታጠፍም፤ የታርታኑ መሥመር እያንዳንዱ እጥፋት ላይ ተቆጥሮ፣ ከኋላ ስታየው ጨርቁ ጭራሽ ያልታጠፈ እስኪመስልህ ድረስ ሥዕሉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሌላም መንገድ አለ። ወታደሮች አንድ መሥመር መርጠው እያንዳንዱ ሽንሽን መካከል ላይ ያንን ብቻ ያወጡታል፤ የጎርደን ደገኞች ክፍለ ጦር ቢጫዋን መሥመር መርጦ ነበር፤ ቆመው ሲታዩ ከኋላቸው ቢጫ መሥመር ብቻ ይደረደራል። እያንዳንዱ ሽንሽን ከወገብ እስከ ዳሌ በእጅ ይሰፋል፤ ወደ ወገብ ሲቀርብ በጥቂት ሚሊሜትር ይጠባል፤ ከዳሌ በታች ይለቀቃል። አማቴ ይህን በስልኩ መስታወት ሲያዩ ስለ ኮቱም ስለ ሰደርያውም ረሱ። «አስጠጊው... ወደ ግራ... እስቲ ክሩን አሳዪኝ» ሲሉ ቆዩና «ማን እንደሆነ እንጃ፣ እጁ ይባረክ» አሉ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሽንሽኑ እንዳይነካ በአዲስ አበባ በኩል ውሳኔ ተላለፈ።

በኤድንብራ በኩልም ተቃዋሚ አልታጣም። ጎረቤታችን በወጣትነታቸው በአንድ የደገኞች ክፍለ ጦር ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤቴ በምላጭ የመቀነቱን ስፌት አንድ በአንድ ስትፈታ በበሩ በኩል አይተው ገቡና ጉልበት እንደ ከዳው ሰው ወንበር ያዙ።

«ልጄ፣ ኪልት አይነካም። አባቶቻችን እንደለበሱት ነው የሚለበሰው።»

የትኞቹ አባቶች እንደሆኑ መጠየቅ ነውር ይሆናል ብዬ ተውኩት እንጂ፣ ነገሩ ያጠያይቃል። የጥንቱ ትልቁ ኪልት ስፌት የሚባል ነገር አያውቀውም ነበር። እንደኛ ጋቢ ያለ ሰፊ ጨርቅ ነው፤ መሬት ላይ ዘርግተህ፣ ሸንሽነህ፣ ቀበቶ ከሥሩ አሳልፈህ ትተኛበታለህ፣ ታጥቀኸው ትነሣለህ፤ ትርፉን ትከሻህ ላይ ትጥላለህ፤ ሲመሽ ደግሞ ብርድ ልብስህ ይሆናል። ዛሬ የምናየውን ትንሹን ኪልት በ1720ዎቹ (በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ቆርጦ ያወጣው ቶማስ ሮውሊንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ነው ይባላል፤ ኢንቨርጋሪ ላይ የቀጠራቸው ደገኞች በእቶኑ ፊት በዚያ ሁሉ ጨርቅ ተጠምጥመው ሲያልባቸው አይቶ፣ በልብስ ሰፊ የታችኛውን ግማሽ ለብቻው አስለየው። ስኮቶች ይህን ስትነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ ከእሱ በፊትም የታችኛውን ብቻ የሚለብሱ ነበሩ ብለው ይሟገታሉ። ማንም ይቁረጠው ማን፣ አንድ ሰው መቀስ አንሥቶ ነበር፤ አንድ ሽማግሌም አጠገቡ ቆመው «አይነካም» ሳይሉት አልቀሩም።

ከዚያ ደግሞ ያለ መቀስ የተነካበት ጊዜ መጣ። የደገኞቹ አመፅ በ1746 ከሎደን በተባለ ስፍራ ሲደቆስ፣ የለንደን መንግሥት ኪልት መልበስን በሕግ ከለከለ። ከወታደር በስተቀር የለበሰ ሰው ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ለሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዛል። ክልከላው እስከ 1782 ቆየ። የእኛው እንግዳ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በ1770 ጎንደር ገብቶ በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ከመኳንንቱ ጋር ሲውል፣ የአገሩ ደገኞች በገዛ ተራራቸው ላይ ኪልት መታጠቅ በሕግ ተከልክለው ነበር። ብሩስ ራሱ ቆለኛ ስለሆነ ምናልባት ብዙም አልቆረቆረውም ይሆናል። በስኮትላንድም ደገኛና ቆለኛ መናናቅ ነበር፤ ይህን ለጎንደር ሰው ቢያወሩት ለማስረዳት ብዙ አይደክሙም።

ክልከላው ከተነሣ በኋላማ ሁሉም እንደ ልቡ ሆነ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ድግሱን አሰናድቶ ንጉሡን ራሱን ኪልት አስለበሰው። ንጉሡ ወፍራም ነው፤ ኪልቱ አጭር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሥጋ የሚመስል ሮዝ ጥብቅ ሱሪ አጥልቋል። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ዴቪድ ዊልኪ ኋላ ላይ ሲስለው ሮዙን ነገር በጨዋነት ዘለለው። እንግዲህ ንጉሥ ይህን ያህል ከቻለ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ አምስት ሴንቲ ሜትር ከላይ ብትቀንስ ምኑ ነው የሚያስደነግጠው? በእኛ ዘመንም እዚሁ ኤድንብራ ሃዊ ኒኮልስቢ የተባለው ልብስ ሰፊ ኪልትን ከጂንስና ከቆዳ ሠርቷል፤ አዲስ ታርታን ያወጣ ሰውም ከ2009 ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ ይችላል።

መቀነቱ ሲፈታ ውስጡ ታየ። ከሽንሽኑ ሥር፣ ከዳሌ በላይ፣ ወገብ እንዳያብጥ ተብሎ ትርፉ ጨርቅ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በምትኩ ክብደቱን የሚሸከም ሸራ ተሰፍቶበታል። በላዩ የነበረው የጥጥ ገበር በላብ ወይቦ እጅ ላይ ይበጣጠሳል። ባለቤቴ ጓዳ ገባችና የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራውን፣ ጥለቱ ያልደበዘዘ አሮጌ ነጠላ ይዛ መጣች። አዲሱ ገበር እሱ ሆነ። ነጩ ወገቤን ይዞራል፤ ጥለቱ ከውስጥ በመቀነቱ ዳር ይሄዳል፤ ከውጭ አንዳች አይታይም። ከቀኝ ዘለበት ሥር፣ በገበሩና በሱፉ መካከል፣ ስልክና ካርድ የምትይዝ ኪስ ሰፋችልኝ። ከፊት ከላይ በሚደረበው ክንፍ ላይ የላሊበላ መስቀል የተበየደበት መርፌ ቁልፍ ሰካችበት፤ ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ተነሥተው መጡና መርፌው ሥረኛውን ክንፍ እንዳይወጋ፣ የላይኛውን ብቻ እንዲይዝ በእጃቸው አስተካከሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ከወጋ ስትቀመጥ ጨርቁ ይቀደዳል። ስለ ኪሱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። አላዩትም ወይም አይተው ላለማየት መርጠዋል።

ቁመቱ የሚለካው ተንበርክኮ ነው፤ በወታደር ቤት ሥርዓት የኪልቱ ጫፍ ከወለሉ አንድ ኢንች ከፍ ማለት አለበት። ሳሎን መካከል ተንበረከክሁ፤ ሽማግሌው ማስመሪያ ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ባለቤቴ መርፌ በአፏ ይዛ ከኋላ ቆመች፤ አማቴ ከስልኩ ውስጥ «ቀና በል፣ ቀና በል» ይላሉ። ልጃችን ከመኝታ ቤት ወጥታ አየችንና «አባዬ ምን አጥፍቶ ነው?» አለች።

ሰርጉ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁኝ፤ ከኪልቱ ሥር ምን አለ ብለው። «የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሥራ» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ያመነኝ ግን አልነበረም።

ከሰርጉ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው፤ በፕላስቲክ ከረጢት የታጠፈ ኪልት ይዘዋል፣ ከውትድርና ዘመናቸው የቀረ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ እጥበት ቤት ሰጥተውት ተኮማትሮባቸው እንደ መጣ፣ ዘለበቷ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ፈቀቅ ብትልላቸው ደስ እንደሚላቸው ነገሩን። ባለቤቴ ገልብጣ መብራት ሥር አየችው። ዘለበቱ ካለበት ቦታ ወደ ውስጥ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች በረድፍ በረድፍ ይታያሉ፤ ዘለበቱ በየዘመኑ ወደ ዳር ወደ ዳር ሲሰደድ የኖረ ነው።

«ይኼ እጥበት ቤት» አለች በአማርኛ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ሆድ ሆዱን ብቻ ነው እንዴ የሚያኮማትረው?»

«ምን አለች?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ጨርቁ ግሩም ነው፣ እንዲህ ያለ ዛሬ አይገኝም አለች» አልኳቸው።

«ነገር ታውቃለች» አሉና ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ለሜትሩ ቀጥ ብለው ቆሙ።