ሳይፎክር የሚዋጋ ጦረኛ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ኧረ ምን ዘመን ላይ ጣለን! እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የልጅ ልጄ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተደፍቶ ጦረኛ ያበጃል። በሪሞት የሚነዳ ሮቦት ነው፤ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይፎክርም። ሳይፎክሩ መዋጋት ደግሞ ምን የሚሉት ሌብነት ነው?

የዚህ ሁሉ ጦስ የቤት ምንጣፍ ማጽጃ ነው አሉ። ማርክ ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ ቫኪዩሙን በሪሞት ልንዳው ብሎ ሲታገል ሐሳቡ ወደ ጠብ ዞረና በፈረንጆቹ 1994 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሮቦት ከሮቦት አጋጠመ። ሰውየው እንደ ጨዋ ሰው ቤቱን ቢጠርግ ኖሮ እኔ ዛሬ ቡናዬን በሰላም በጠጣሁ! በቴሌቪዥን የሚታዩት ባለ 250 ፓውንዶች ናቸው፤ ኪሱ የሳሳ ጀማሪ ግን በ1 ፓውንድ፣ በ454 ግራም ይጀምራል። እንግሊዞቹማ 150 ግራም አድርሰውታል። በኛ ጊዜ 150 ግራም የሚመዝነው ኮረሪማ እንጂ ጦረኛ አልነበረም።

ጋሻውን ከምን አበጀው በሉኛ። ከባለቤቴ መክተፊያ! ያቺ የስንት ፋሲካ ሽንኩርት ያለቀባት ነጭ ፕላስቲክ! «አባባ፣ ይሄ እኮ ሲመታ ይላጣል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ደግሞ ርካሽ ነው» ብሎ በመጋዝ ገመሳት። ርካሽማ ነው፣ ከፋዩዋ አያቱ! ባለቤቴ እኔንም ተቆጣችኝ። እኔ መክተፊያዋን ግራና ቀኝ ከመያዝ በቀር ምን አደረግሁ?

ውስጡ ሁለት ጥቃቅን ባለማርሽ ሞተሮች፣ ፍጥነታቸውን የሚገራ ሰሌዳ፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበል ሪሲቨርና ባትሪ አለ። ጎማዎቹ ከሰውነቱ ቁመት ስለሚበልጡ ተገልብጦም ይሮጣል። ኀፍረት የለሽ! በኛ ዘመን የወደቀ ወደቀ ነው። ገና ስንጫወት ሩሯ ቅልጥማችንን ስትሰብረው እየተሳሳቅን ወጌሻ ጋ እንሄድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ አናውቅም።

መሣሪያው ደግሞ ሽብልቅ ብቻ! ለጀማሪ የሚሽከረከር ስለት ገንዘብም ጣትም ይበላል፤ ከጠላት ሥር ገብቶ መገፍተር ይበቃል ይላል ልጁ። ጦር ሜዳ ለመገፍተር ይወረዳል? ያም ሆኖ የሽብልቁ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ ሳየው ዓይኔ አልችል አለ፤ ሌሊት ተነሥቼ ሞረድኩት።

ባትሪውስ! ሊቲየም ነው፤ እንደ አራስ ልጅ ይጠበቃል። ሲሞላ ሰው ከአጠገቡ አይጠፋም፣ እሳት በማይበላው ከረጢት ይቀመጣል፣ አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት እንዲያልፍ አይፈቀድም፣ ካበጠ አበቃለት። እኔ ጉልበቴ ሲያብጥ ማን ጠየቀኝ? ማታ ማታ ባትሪውን የምጠብቀውም እኔው ነኝ፤ ለቤቱ ብዬ ነው።

አንድ ሕግ ብቻ ደስ ይለኛል፦ የሪሞቱ ምልክት ከተቋረጠ ሮቦቱ ባለበት መቆም አለበት። እኛም አባታችን ዝም ሲሉ ነበር ባለንበት የምንደርቀው።

የግጥሚያው ቀን ጎትተው ወሰዱኝ። ገና በር ሳይከፈት ደርሰን ስለነበር ፊት ለፊት ቦታ አገኘሁ። ጦርነቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ አስር ተቆጥሮበት ይሸነፋል። የአድዋን ልጅ በሦስት ደቂቃ! ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮኽኩት ግን ልጁ ግራና ቀኙን ስለሚያምታታ ነው።

ከሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። ለሚቀጥለው ዙር ባትሪያችን አልሞላ ሲል ገና አሁን ያሸነፍነው ልጅ ሮጦ መጥቶ የራሱን አዋሰን። ብሎኑንም አጠበቀልን። ጠላት ለጠላት! የዛሬ ልጆች ቂም መያዝ እንኳ ማን ያስተምራቸው? እኔ ደግሞ ያንን ልጅ በሚቀጥለው ወር ስናገኘው «ከሥሩ ግባና ገልብጠው!» የምለው በየትኛው አፌ ነው?