ሁለገብ ነኝ ባይ

አሜሪካ ውስጥ በቫን ለመኖር የቆረጠ ሰው ቀድሞ የሚሸምተው «ሁለገብ» የሚባል ዕቃ ነው፤ ማንኪያም ሹካም ልሁን የሚል ብረት፣ ሲዘረጋ ባልዲ የሚሆን ጎማ። ቤቱን የለቀቀው ዕቃ በዝቶበት ነበር፤ አሁን ዕቃ ለመቀነስ ዕቃ ይገዛል። እውነተኛው ሁለገብ ግን ስሙን አያስነግርም። ባለ አራት ድርቡ ጋቢ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ሲጠቀለል ትራስ፣ መስኮት ላይ ሲሰቀል መጋረጃ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ቆሞ ውኃ ይይዛል፤ ባዶውን ሲጋደም በርጩማ፣ አናቱ ሲቆረጥ ባልዲ ይሆናል።

«ጋቢ ሲርስ ይከብዳል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሹካ ልሁን ያለው ማንኪያም ሾርባውን በጥርሶቹ መሃል ያፈሳል። ልዩነቱ፣ ጋቢው ሁሉን እችላለሁ ብሎ አልተሸጠም። እንግዲህ ባለ ቫኑ ሆይ፣ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ላለዎት ዕቃ ሁለተኛ ሥራ ይስጡት።