ገድለ ርብርብ

በአገራችን እንደ «ርብርብ» የሚደክም ፍጡር የለም። ጠዋት በዜና ይነሣል፣ ቀኑን በስብሰባ ይውላል፣ ማታ በሪፖርት ያመሻል፤ በዓል የለው፣ የዓመት ፈቃድ የለው። ውኃ ሲጠፋ ይጠራል፣ መብራት ሲቆራረጥ ይጠራል፣ የተቆፈረው መንገድ ሳይደፈን ክረምት ሲገባም ከሠራተኛው ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ብዙ ዘመን ቆመው ከመጸለያቸው የተነሣ አንድ እግራቸው እንደተሰበረ ገድላቸው ይናገራል። ርብርብ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሲቆም አንዲት ጣቱ እንኳ አልታጠፈችም። እንዲህ ያለው ባለ ተአምር ገድል ሳይጻፍለት መቅረቱ ግፍ ነው።

ገድል ከዘር ሐረግ ይጀምራልና ከአባቶቹ እንነሣ። «ረበረበ» እንጨት በእንጨት ላይ ደረደረ ማለት ነው፤ ቆጡም አልጋውም የሚሠራው በርብራብ ነው፤ ሲያልቅ ይተኙበታል ወይም እህል ያኖሩበታል። «ትግል» ሁለት ሰዎች ወገብ ለወገብ የሚተናነቁበት ነው፤ ከሁለት አንዱ ጀርባው መሬት ሲነካ ያበቃል። «ዘመቻ» ስንቅ አለው፣ መነሻ አለው፣ መመለሻ አለው። «ደፋ ቀና» የአራሚ ወገብ ነው፤ ማሳው ሲያልቅ ወገቡም ይቃናል። አያቶቻችን ድካምን ሲሰይሙ ከድካሙ ጋር ማብቂያውንም ሰጥተውታል። የዛሬዎቹ የልጅ ልጆች ግን፣ ምስጋና ለዘመናዊው አስተዳደር፣ ከዚህ የማለቅ በሽታ ሙሉ በሙሉ ተፈውሰዋል።

ፈውሱ የተገኘው በሰዋስው ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ የሚሄድ ግስ ነው፤ «ሠራሁ»፣ «ሠራሽ»፣ «ሠሩ» ካልን የሠሪው ማንነት ከግሱ ጋር ታስሮ ይመጣል። ይህ ለኃላፊ ሰው አደገኛ ነገር ነው። ስለዚህ «ከፍተኛ ርብርብ እየተደረገ ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተፈለሰፈ። ማን ነው የሚረባረበው? አይታወቅም፤ ይደረጋል። መቼ ያበቃል? «እየ» የምትል ትንሽ ቅጥያ በር ላይ ቆማ ፍጻሜን ታባርራለች። የት ነው ያለው? እዚህ ላይ እንኳ ቸርነት አለ፤ «ይገኛል»። ፈልጎ ያገኘው ሰው አለመኖሩ የዓረፍተ ነገሩ ጥፋት አይደለም። በላዩ ላይ ደግሞ ቃሉ እንደ ገበያ ዋጋ ይወጣል፤ ጥረት «ከፍተኛ ጥረት» ይሆናል፣ ከፍተኛ ጥረት ርብርብ ይሆናል፣ ርብርብ ደግሞ «የተቀናጀ ርብርብ» ይሆናል። ያለፈው ያልተቀናጀ እንደነበር የምንሰማው ያኔ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ተጠናክሮ ቀጥሏል» ነው፤ ማለቅ የነበረበት ነገር ባለማለቁ የሚጨበጨብበት ሌላ ቋንቋ ካለ ይነገረን።

«ዘመቻማ ስንቱን ሠርቷል!» የሚል ተቆጪ ይነሣ ይሆናል። ልክ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዝምቷል፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በዓመቱ የዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ነገር ግን መሠረተ ትምህርትን ያስከበረው የቃሉ ጩኸት አይደለም፤ መፈክርማ ያኔ ከእህል ይልቅ ሞልቶ ነበር። ያስከበረው ፈተናው ነው። ተማሪው ፊደል ለየ ወይስ አልለየም ተብሎ ይጠየቃል፤ ካለፈ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፣ ከወደቀ ደግሞ ይማራል። በጣቱ ይፈርም የነበረ ገበሬ ስሙን የጻፈ ዕለት ዘመቻው ለእሱ አለቀ። ከዚህ ጋር የትግልን ዕጣ እናስተያይ። ጠመንጃ ያነገበው ትግል በ17 ዓመቱ፣ በ1983 ዓ.ም. አበቃ። ከዚያ በኋላ ቢሮ ገብቶ «የፀረ ኪራይ ሰብሳቢነት ትግል» የተባለው ግን ማን ማንን እንደጣለ ሳይነገር ከግምገማ ወደ ግምገማ ተዛወረ። ታጋዩም የሚታገሉትም አንድ ወንበር ላይ ስለተቀመጡ መሬት የነካ ጀርባ አልታየም።

ሌላው ተቆጪ «ሕዝብ ወኔ ይፈልጋል፤ ቃል ወኔ ይቀሰቅሳል» ይላል። ይህም የአባቶችን ወግ መርሳት ነው። ጀግና ሲፎክር ግዳይ ቆጥሮ ነው፤ ሳይገድል የፎከረ የአዝማሪ መጫወቻ ይሆናል እንጂ መግለጫ አይሰጥም። ስለ ኅብረት የምንጠቅሰው ምሳሌ እንኳ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲል ሎሚውንም ሰውንም ቆጥሮ ነው። ደቦ የጠራ ገበሬ ማታ ላይ «አጨዳው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ቢል ጠላው ሳይቀዳ ይበተኑበታል። ቤት ሲቃጠል የሚደረገው ርብርብም እውነተኛ ርብርብ ነው፤ ወይ እሳቱ ይጠፋል ወይ ቤቱ ያልቃል። እሳቱም ሳይጠፋ ቤቱም ሳያልቅ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሚተላለፍ ርብርብ ግን ከእሳቱ ይልቅ ለባልዲው የቆመ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ቃሉ ይጥፋ ለማለት አይደለም፤ ባለ ገድል አይወገርም። ይልቅ ችግኝ የሚተክሉ ባለሙያዎች ያላቸውን ቃል እንበደርለት። እነሱ ስንት ተተከለ ብለው አያበቁም፤ ከክረምት በኋላ ተመልሰው «የጽድቀት መጠኑ ስንት ነው?» ይላሉ። ችግኝም ሰውም በአማርኛ የሚጸድቀው በአንድ ግስ ነውና ለርብርብም ይኸው መለኪያ አይከፋውም። የከረሙበት ቧንቧ ውኃ ካወረደ ጸድቋል፤ ካላወረደ ደርቋል፤ ቀኑንና የሠሪውን ስም ጽፎ መለጠፍ ነው። እስከዚያው ድረስ ገድሉ በየሪፖርቱ ሞልቷል፤ ጻድቁ ግን እየተፈለገ ይገኛል።